ቆላ ወርዶ በደህና መመለስ
ወደ ቆላ ለሚወርዱ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው በደብረ ማርቆስ የቀረበ ዲስኩር

በሚቀጥሉት ሳምንታት ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ሁመራ፣ ወደ ጃዊና ወደ መተከል የምትወርዱ ልጆቻችን፣ ይህ ንግግር ለእናንተና ለወላጆቻችሁ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ ጉዞ ነው። ጉዞ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መንገዱን ነው። መኪናው ይገለበጥ ይሆን፣ ሽፍታ ይገጥም ይሆን፣ ማደሪያ ይታጣ ይሆን ይላል። ይህ ሁሉ ያሳስባል፤ እመለስበታለሁ። በጤና ሙያ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ አገር ልጅ ቆላ ወርዶ የያዘው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጥለው እዚያው ሳለ ሳይሆን ተመልሶ እናቱ ቤት ከገባ በኋላ ነው። እንኳን ደህና ገባህ ተብሎ፣ ጠላው ተጠምቆለት፣ ከዘመድ ጋር ተቃቅፎ፣ በሳምንቱ ወይም በወሩ ትኩሳት ይጀምረዋል። ብርድ መታው ይባላል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። እሱም ጎበዝ ነውና እወጣዋለሁ፣ ይሻለኛል እያለ ይተኛል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ራሱን የሳተ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ። የቆላ ጉዞ ቤት በተገባበት ቀን አያልቅም። ከተመለሳችሁ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከጉዞው ቁጠሯቸው። ዛሬ የምለው ሁሉ ወደዚህ የሚመራ ነው።

ለምን ትሄዳላችሁ ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። የአባትን ጥቂት ቃዳ መሬት ለአምስት ወንድማማች ማካፈል እንደማይቻል የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ሐምሌና ነሐሴ የሰሊጥ አረም አለ፤ ከመስከረም ማገባደጃ ጀምሮ አጨዳው ይከተላል፤ ከዚያ የማሽላው ቆረጣ አለ። በዚያ ገንዘብ በሬ የተገዛበት፣ ቆርቆሮ የተመታበት፣ እህት የተማረችበት ቤት በየቀበሌው ታገኛላችሁ። ሥራው ክቡር ነው። ችግሩ የሥራው ወቅትና የወባው ወቅት አንድ መሆናቸው ነው። በአገራችን ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሰሊጡ የሚታጨደውም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰውነት እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የወባ ተሕዋስ በቢንቢዋ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመጨረስ ጊዜ አይበቃውም፤ ቢንቢዋ ቀድማው ትሞታለች። ስለዚህ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ቆላ ተወልዶ በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ ያደገ ሰው በመጠኑ ይለማመዳታል፤ ቢያተኩሰውም ቶሎ አትሰብረውም። የደጋው ልጅ ግን ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ዳገት የሚሮጥ ቢሆን እንኳ በወባ ፊት እንደ ጨቅላ ሕፃን ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ብዙ ወጣት ጉልበቱን ተማምኖ «እኔን አይዘኝም» እያለ ሲወርድ ስለምሰማ ነው።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ደጀን ላይ ጋቢ ተከናንቦ መኪና የተሳፈረ፣ የአባይ ድልድይ ጋ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ወደ 1,400 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ወርዷል። በዚያች አጭር ጊዜ የተሻገረው ሙቀቱን ብቻ አይደለም፤ የበሽታውንም ወሰን ነው። አባቶቻችን ምክንያቱን በማይክሮስኮፕ ባያዩትም ወሰኑን ያውቁ ነበር። ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈሩ ነበር፤ መንደራቸውንም ከፍ ካለው ቦታ ላይ ይመሠርቱ ነበር። ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም በ1897 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ተሕዋሱን በቢንቢ ሆድ እስኪያገኝ ድረስ፣ በሰለጠነው ዓለም ጭምር ብዙ ሰው በሽታው ከረግረግ በሚነሳ መጥፎ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር።

ከታሪካችን አንድ ነገር ላንሳ። በ1933 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ በጎጃም አድርገው ወደዚህች ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ፣ የጦሩን ጓዝ የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ነበሩ። ግመል በረሃን የሚችል ብርቱ እንስሳ ነው። ዳገቱን ሲወጡ ግን፣ ጭነቱ ሳይቀንስ ብርዱና የማያውቁት ግጦሽ ሲጨመርባቸው በየመንገዱ ረገፉ። ከዘመቻው የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ግመሎቹ ደካሞች አልነበሩም፤ የገጠማቸው ሰውነታቸው ያልተሠራለት አገር ነው። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የሚገጥመውም ይኸው ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይለያያል።

ደጋ ነን ብለን ደግሞ ሙሉ በሙሉ መዘናጋት አይገባንም። በ1950 ዓ.ም ክረምትና ክረምቱ እንደወጣ በነበሩት የ1951 ዓ.ም ወራት፣ ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በተለየበት ዓመት፣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው አገሮች ወጥታ ሕዝብ ፈጅታለች። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአገራችን የተቋቋመው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙን፣ ከ1,100 በላይ ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሌሊቱ እንጀምር፤ ወባ አስተላላፊዋ ቢንቢ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና።

ልጅ ወደ ቆላ ሲሄድ እናት የምትቋጥርለትን ስንቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሶ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ጋቢ አለ። አጎበር ግን ስንቱ ሻንጣ ውስጥ አለ? ልጁ እዚያ ሲደርስ በለመደው ጋቢ ተጠቅልሎ ይተኛል። ምሽቱ ላይ ይሸፍነዋል። እየቆየ ግን ሙቀቱ አላስተኛ ይለዋል፤ በእንቅልፍ ልቡ ጋቢውን ገፍፎ ይጥለዋል። እጁ፣ እግሩ፣ ጀርባው ይራቆታል። ጠዋት ሲነሳ ጋቢው እግሩ ሥር ተጠቅልሎ ያገኘዋል፤ ማን እንደነከሰው፣ ስንት ጊዜ እንደነከሰው አያውቅም። ጋቢ የደጋ ልብስ ነው፤ ለቆላ ሌሊት አጎበር ያስፈልጋል።

«እዚያ አልጋ የለ፣ ቤት የለ፣ አጎበር የት ይሰቀላል?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ የሚተኛው በላስቲክ ዳስ ውስጥ ወይም በሜዳ ነው። አራት ቀጫጭን እንጨቶችን በመኝታው አራት ማዕዘን ትከሉ፣ የአጎበሩን አራት ጆሮዎች በሲባጎ እሰሩባቸው፤ ጠርዙን ደግሞ ከምታነጥፉት ማዳበሪያ ወይም ሰሌን ሥር ዙሪያውን ወትፉት። ወሳኙ ጠርዙ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ የቀረ አጎበር ለቢንቢ በሩ ክፍት ነው። ሰውነታችሁ መረቡን ተደግፎ እንዳያድር ተጠንቀቁ፤ በመረቡ ቀዳዳ አሻግራ ትነክሳለች። መድኃኒት የተነከረውን አጎበር ወስዳችሁ የሰሊጥ መቋጠሪያ ወይም ገመድ የምታደርጉትንም አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን ተዉ። ሙቀቱን ሸሽታችሁ ሌሊት የምታጭዱ ከሆነ ደግሞ አጎበር አብሯችሁ አይቆምም፤ ያን ጊዜ እጅጌው የረዘመ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ የቢንቢ መከላከያ ቅባት ከተገኘ ፊትን፣ እጅንና ቁርጭምጭሚትን ተቀቡ።

ለሥልጠና፣ ለጥናት ወይም ለአጭር ሥራ የምትወርዱ፣ እንዲሁም ጋምቤላ፣ ሰመራ፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተመደባችሁ ተማሪዎች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ቀድሞ የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት አለ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ፣ እዚያ በሚቆዩበት ጊዜ በየቀኑ፣ ከተመለሱም በኋላ አራት ሳምንት ይወሰዳል። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች አይወስዱትም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው ቤቱ ሲገባ ነው፤ ተሕዋሱ ግን ያን ጊዜ ገና በጉበቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ትኩሳቱ ከጀመረስ? ቢንቢዋ ከነከሰችበት ቀን ጀምሮ ሳምንት ሳይሞላ ወባ አትታይም፤ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ብቅ ትላለች። ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል። በዚያው ቀን ጤና ኬላ ሂዱ፤ ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም ይታያል፣ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ካልታከመ በቀናት ውስጥ ወደ አንጎል ወይም ወደ ኩላሊት ሊሄድ ይችላል። የሚያወራው ከተምታታበት፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው አትበሉ፤ ተሸክማችሁ አድርሱት።

መድኃኒቱን በተመለከተ ደጋግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለአዋቂ ሰው ኮአርተም ሲታዘዝ 24 ፍሬ ነው። አራት ፍሬ አሁኑኑ፣ አራት ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በማግስቱ ጠዋትና ማታ አራት አራት፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ይለቃል። ያን ጊዜ አንዱ የቀረውን ስምንት ፍሬ ለታመመ ጓደኛው ይሰጣል፤ ሌላው ደግሞ ለሌላ ቀን ብሎ በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጠዋል። የሰጠው ሰው ልቡ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን ሁለቱም ሳይድኑ መቅረታቸው ነው። በእሱ ደም የተረፈው ተሕዋስ ያገግማል፣ ጓደኛውም በስምንት ፍሬ አይፈወስም። 24ቱንም ፍሬ ዋጡ፤ ጓደኛችሁን ደግሞ አስመርምሩት። ይህ መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል። ጾም ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ ዘይት ያለው ወጥ፣ ኑግ፣ የምታጭዱት ሰሊጥ ራሱ ቅባት ነው።

ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ቶሎ አይገድልም፤ ነገር ግን ጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ሐምሌ ላይ የተነከሰ ሰው ታክሞ ድኖ፣ ለገና ወይም ለጥምቀት እንደገና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከጉበት የሚያስወጣው መድኃኒት ፕሪማኪን ይባላል፤ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ባለሙያ አይቶ ነው የሚያዝዘው።

እንግዲህ ወደ መመለሱ መጣን። ደብረ ማርቆስ ከተማ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ሲመጣ ማንም ቶሎ ወባን አያስብም፤ ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስ ነው ይባላል። ባለሙያውም ሰው ነው፣ በአካባቢው የለመደውን በሽታ ያስባል። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ከአፋችሁ የሚወጣው «መተማ ነበርኩ፣ በዚህ ወር ተመለስኩ» የሚለው ይሁን። ልጁ መናገር ካቃተው እናቱ ትናገር። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ የሚያውቁ የጤና ባልደረቦቼ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ነገሩ ደግሞ የታማሚው ብቻ አይደለም። ከእኛ ዝቅ ብለው በሚገኙት በፍኖተ ሰላም አካባቢ፣ በአባይ ዳር ባሉት የደጀንና የባሶ ሊበን ቆላ ቀበሌዎች ቢንቢዋ አለች። ከሁመራ ተሕዋሱን በደሙ ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ካደረ ለጎረቤቱ ያካፍላል።

ከወባ የባሰ ተደብቆ የሚመጣ ደግሞ አለ። ካላዛር ይባላል። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል፤ በዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ እፈልጋለሁ።

በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከምና ፎገራ ወረዳዎች ውስጥ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባሉ ቀበሌዎች፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ላይ ሰው ባልታወቀ በሽታ ማለቅ ጀመረ። ትኩሳት ነበር፣ ሆድ ይነፋ ነበር፣ ሰውነት ይከሳ ነበር። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። መድኃኒቱን የለመደ ወባ ይሆናል ተባለ። በ1997 ዓ.ም በተደረገ ምርመራ በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሕክምና ከፍቶ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አከመ። በሽታው ለዚያ ደጋ እንግዳ ነበር። እንዴት ደረሰ ለሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎች የሰጡት ምላሽ፣ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም የሚል ነው። እስኪ አስቡት፤ ሠርቶ የመጣ ልጅ ሳያውቅ ይዞት የመጣው ነገር ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናትንና አረጋውያንን ጎዳ። እኛስ ከሊቦ ከምከም በምን እንለያለን? የእኛም ልጆች የሚወርዱት እዚያው ነው።

የምታስተላልፈው በአማርኛ የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ነፍሳት ናት። ከቢንቢ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ስትበርም ዝቅ ብላ ነው። ቀን የምትውለው ጥቁሩ የዋልካ መሬት ሲደርቅ በሚሰነጣጠቀው ስንጥቅ ውስጥና በኩይሳ ውስጥ ነው፤ ሲጨልም ትወጣለች። የመተማና የሁመራ ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሞላል። ሠራተኛው ደግሞ ጥላ ፍለጋ ከግራር ሥር አረፍ ይላል፤ ደክሞት እዚያው ያድራል። የግራር ጥላ ቀን ጥሩ ነው፤ ሌሊት ግን ከግራር ሥር፣ ከኩይሳ አጠገብ፣ በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ አትተኙ። ተራ አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ልታልፈው ትችላለች፤ መድኃኒት የተነከረ፣ ዓይኑ ጠበብ ያለ መረብ ይሻላል።

ይህ በሽታ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተደብቆ ይቆያል። ስድስቱን ወር ከጉዞው ቁጠሩት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ጥቅምት ላይ የተነከሰ ሰው መጋቢት ላይ፣ ሁሉም መተማን ረስቶት ሳለ፣ ሊታመም ይችላል። ምልክቱን ያዙልኝ። ከሁለት ሳምንት የበለጠ ትኩሳት፤ ሱሪውን በቀበቶ እስኪያጠብቅ ድረስ መክሳት፤ የምግብ ፍላጎት ማጣት፤ አንዳንዴ ነስር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከግራ የጎድን አጥንት ሥር የሚዳሰስ እብጠት። ያ ጣፊያ ነው። ጤነኛ ጣፊያ በእጅ አይዳሰስም፤ ካላዛር የያዘው ሰው ጣፊያ ግን አድጎ አንዳንዴ እስከ እምብርት ይደርሳል። ሰው ይህን ሲያይ የሆድ እብጠት ነው ብሎ ያስተኩሳል፤ ቆዳው በእሳት ጠባሳ ተሞልቶ የሚመጣ ታማሚ ያሳዝናል። ካልታከመ ከመቶ ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። ሲታከም ግን ይድናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ የሚያክምና የሚመራመር ማዕከል አለ፤ እዚያው ቆላ ላይ በአብዱራፊም ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። መርፌው ከሁለት ሳምንት በላይ ስለሚወስድ ተኝቶ መታከም ያስፈልጋል፤ ቤተሰብ ለዚያ ይዘጋጅ።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር በግልጽ ልናገር፤ አባቶች ይቅር ትሉኛላችሁ። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ካላዛር ሲይዘው በጣም ይከፋበታል፣ ድኖም ይመለስበታል። ደመወዝ በተከፈለበት ቀን ሰው ቤቱ ርቆ፣ ከተማ ገብቶ፣ መጠጥ ጠጥቶ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ኮንዶም ይዛችሁ ውረዱ፣ ስትመለሱ ተመርመሩ። ሚስት ያላችሁ ደግሞ አብራችሁ ተመርመሩ።

ሙቀቱን በአጭሩ። የመተማ ሙቀት በበልግ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በአጨዳውም ወቅት ለደገኛ የዋዛ አይደለም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከነባሮቹ እኩል ላጭድ ብላችሁ አትፎካከሩ። ማለዳና ማምሻ ሥሩ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሥር ሁኑ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ሽንታችሁ እንደ ጠላ ከጠቆረ ውኃ ጎድሏችኋል ማለት ነው። ላቡ ቆሞ ሰውነቱ የጋለ፣ የሚያወራው የተምታታበት ሰው ካያችሁ ያ የሙቀት ምት ነው፤ ጥላ ሥር አድርጋችሁ ልብሱን አውልቃችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት።

እባብም አለ፤ በተለይ የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ በቆመበት ሥር ይጠለላል። ነዶ ስታነሱ መጀመሪያ በዱላ ንኩት፣ ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ሌሊት ያለ ባትሪ አትንቀሳቀሱ። ከነደፈ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ሁሉም ይጎዳል። የተነደፈውን እግር በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉና መድኃኒቱ ወዳለበት ጤና ተቋም ተሸክማችሁ ሩጡ።

ስለ መጠጥ ውኃም ላንሳ፤ ነገሩ ጸበልንም ስለሚነካ በአክብሮት እናገራለሁ። በ2015 ዓ.ም ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ በተሰበሰቡ ምዕመናን መካከል ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ጸበሉ ፈውስ ነው ብሎ የሄደን ሰው ማንም አይነቅፍም። ችግሩ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰፍር መጸዳጃና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ አለመብቃቱ ነው። ለመጠጥ የፈላ ወይም ውኃ አጋር በሚባለው ማከሚያ የታከመ ውኃ ያዙ። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውኃ ከሆነ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ኦአርኤስ የሚባለውን በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ወዲያው ጀምሩለት። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ በጥብጣችሁ እያጠጣችሁ ውሰዱት።

ስለ መንገዱ የምለው ለሽማግሌዎቻችን አዲስ አይደለም። በጭነት መኪና ላይ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ክምር ላይ ተቀምጣችሁ አትሂዱ፤ ርካሽ ነው፣ የወደቀ ግን ሕይወቱን ይከፍላል። ሌሊት አትጓዙ። በአሁኑ ጊዜ በየአካባቢው ያለው ግጭትና በጎንደር መተማ መንገድ ላይ ሰው እያገቱ ገንዘብ መጠየቅ የታወቀ ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት የሄዱ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ መንገዱ ደህና አይደለም ካሉ ቆዩ። ስትመለሱ የወቅቱን ገንዘብ በኪስ ይዛችሁ አትምጡ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ወደ ቤት ላኩት። የት እንዳላችሁ፣ የማን እርሻ ላይ እንደምትሠሩ፣ የአሠሪውን ስልክ ጭምር ቤተሰብ ይወቅ።

እዚህ መካከል ሠራተኛ የሚወስዱ ደላሎችና እርሻ ያላቸው ባለሀብቶች ካሉ እነሱንም ልጠይቅ። የሰሊጥ ዘርና ፀረ አረም የሚገዛ ሰው አጎበር መግዛት አያቅተውም። ሠራተኛው ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ተሽከርካሪና የሚታከምበት ገንዘብ ከውሉ ውስጥ ይግባ። ሠራተኛውን ታሞ መንገድ ዳር አስቀምጦ መሄድ ነውር ነው፤ ሲሆን አይተናል። ወረዳዎቻችንም ሠራተኞች ከመውረዳቸው በፊት በየመናኸሪያው ትምህርት ቢሰጡ፣ ሲመለሱም ትኩሳት ያለበትን ለይተው ቢመረምሩ፣ ወጪው ከወረርሽኝ ወጪ ጋር አይወዳደርም።

እናቶች ሆይ፣ የመጨረሻው ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ልጃችሁ ሲመለስ የተመለሰበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ቁጠሩ። በመካከል ቢያተኩሰው፣ ቢከሳ፣ ምግብ አስጠላኝ ቢል፣ ምልክቱን እያያችሁ ይዛችሁት ሂዱና የት እንደነበረ ተናገሩ።

አሁን የጤና ባለሙያዎቹ በአዳራሹ ፊት ለፊት አራት እንጨት ተክለዋል፤ አጎበር እንዴት እንደሚዘረጋና ጠርዙ እንዴት እንደሚወተፍ ያሳዩአችኋል። በዚህ ሳምንት የምትወርዱት ቀድማችሁ ኑ፤ በገዛ እጃችሁ ዘርጉት፣ ፍቱት፣ እንደገና ዘርጉት። ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ አለሁ።